ከንግድ ፈቃዱ በላይ የተሰቀለው ወረቀት

ይድረስ ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? እንጨት ስታነሳ የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለህ? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷን ትታሻለች ወይስ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ» እያለች ትሸነግላችኋለች? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ጋሼ፣ የላክልኝ ፎቶ ደርሶኛል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ የቢሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። የአባዬን የእንጨት ሥራ ቤት በምሠራበት ድርጅት በኩል ብሎክቼይን በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ሳስመዘግብ፣ አሥራ ሁለት ቃላት የተጻፉበትን ወረቀት ልኬልህ «ይህ ከንግድ ፈቃዱም ይበልጣል» ብዬህ ነበር። አንተም የታዘዝከውን ፈጸምክ። ከደህናው እንጨት ፍሬም ሠርተህ፣ መስታወት አልብሰህ፣ ከንግድ ፈቃዱ በላይ ሰቀልከው። ወጪ ወራጁ ያነብበዋል!

ወይ ጉዴ! ቃላቱ እኮ የመዝገቡ ቁልፍ ናቸው፤ ያወቃቸው ሁሉ ቤቱን በመዝገቡ ላይ ወደ ራሱ ማዛወር ይችላል። ቀኑን ሙሉ ደንበኛን «ለማንም እንዳታሳዩ» እያልኩ የምውል ሴትዮ ለገዛ ወንድሜ መንገሩን ረሳሁት። «ጥድፊያ» ብለህ ስም ያወጣህልኝ በከንቱ አይደለም። በቤታችን ደግሞ መቼ ምስጢር ኖሮ ያውቃል? እማዬ ዕቃ ስትደብቅ እንኳ የደበቀችበትን ለጎረቤት ካልተናገረች እንቅልፍ አይወስዳትም።

መዝገቡን ስከፍት፣ የፈራሁት አልቀረም፤ ቤቱ ባለፈው ማክሰኞ ወደማናውቀው ሰው ተዛውሯል። ስም የለውም፤ የሚታየው ረጅም ቁጥር ብቻ ነው። ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። «የመዝገቡ ሰንሰለት አልተሰበረም» አለኝ ኮራ ብሎ። እውነቱን ነው፤ መዝገቡ በብዙ ሺህ ኮምፒውተር ላይ ተባዝቶ ስለሚቀመጥ አንዱን ቢነካኩት ሌላው ያጋልጣል። ግን ቁልፉን ግድግዳ ላይ ሰቅለንለት ሌባው ምን አስለፍቶት ይሰብራል? እባክህ መልስልኝ ብዬ ለመንኩት። አንዴ የተጻፈ አይፋቅም አለኝ። አባዬ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይል ነበር፤ ይሄኛው ከወረቀትም ባሰ። እንደ ምንም ብዬ፣ ከጎኑ «ክርክር አለበት» የሚል ማስታወሻ አስጻፍኩ።

ግን አትደንግጥ። ሌባው መዝገቡን ወሰደ እንጂ የበሩን ቁልፍ አልወሰደም። መዝገብ የነገሩትን ይይዛል፤ የነገረው ሌባ ይሁን ባለቤት አይጠይቅም፤ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የተደገፈበትን የሥራ ጠረጴዛም አያውቀውም። እኔን የሚያስፈራኝ፣ ሌባው ለአንድ የዋህ ሰው ሸጦት ያ ምስኪን «ቤቴን ልቀቁ» እያለ እማዬ ፊት መቆሙ ነው። ስለዚህ እሱ ሳይመጣ፣ የቤቱን ካርታ ይዘህ፣ ጫማ ሰፊውንና ልብስ ሰፊዋን ጎረቤቶቻችንን ምስክር አድርገህ ማዘጋጃ ቤት ሂድና አሳውቅ። ዛሬ ነገ እንዳትል፣ በእኔ ሞት።

ደግሞ ራስህን እንዳትወቅስ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሩቅ ስለሆንኩ ለቤታችን አንድ ነገር የሠራሁ እንዲመስለኝ ብዬ ነው የተጣደፍኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ። ሳስበው ያስለቅሰኛል። ወረቀቱን አውርደህ ቅደደው። ፍሬሙን ግን እንዳትጥለው፤ ማዕዘኑ ላይ ሚስማር ሳይነካው የተያዘውን የአባዬን አገጣጠም ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። እጅህ ይባረክ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ አንተን መቻሏን አደንቃለሁ በልልኝ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ ወሬኛዋን ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ጫማ ሰፊው አሁንም ያንን የተቀደደ ጃንጥላውን ይዞ ከሆነ ሰላም በልልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ካርታውን የት እንደደበቀችው ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር ደግሞ «ተይ» እንዳትሏት፤ ዘንድሮ የሚያድነን ጎረቤት ማወቁ ነው።

እህትህ ጥድፊያ
ከማደሪያ ክፍሌ፣ ሰኔ 12 ቀን