ቀይ ምልክት የሌለው ጠመንጃ

ቨርሊን፣

ዘንድሮ በረዶው እስከ ሚያዝያ አልቀለጠም። የኩሽናው ቧንቧ ሁለቴ ፈነዳ። ውሻችን ሞተች። ክለባችን ሜዳ ላይ ወደ አየር የሚወረወረውን ሸክላ ኢላማ የተኮስነው ከትናንት በፊት ስድስት እሁድ ብቻ ነው። ሰባተኛው ትናንት ነበር።

ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ማሞቂያው ሲጠፋ ጎኑን አንዴ ብቻ ምታው።

ጠመንጃህ አልጋህ ስር ነው። ቀዩን ምልክት ሰደፉ ላይ መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ እንዳትነካው። ቃታው ሲሳብ ሳይሆን ሲለቀቅ የሚተኩስ ጠመንጃ፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት፣ ያለ ምልክት ከቤት አይወጣም። አንተ ግን "ካዩት በርጋጊ ይሉኛል" ብለህ ላጥከው። በርጋጊማ ነህ! ቃታ ስትስብ እየበረገግክ አይደል ያስለወጥከው? ግማሹ ክለብ በእንዲህ ያለ ቃታ ይተኩሳል፤ የሚያፍርበት ግን አንተን ብቻ አየሁ።

መላጥህን ሐሙስ ዕለት አይቻለሁ። ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው።

ትናንት አብራን የምትተኩሰው ሮዝሊን የራሷ መስሏት ከክለቡ የጠመንጃ መደርደሪያ አነሳችው። ጥይት አጉርሳ ቃታውን ሳበች፤ አልተኮሰም። ተበላሽቷል ብላ አፈሙዙን ዝቅ አድርጋ ጣቷን ስታነሳ፣ ከጫማዋ አንድ ስንዝር ርቆ መሬቱን ቦደሰው።

"ኧረ የማን ጉድ ነው ይሄ? እግሬን ሊወስደው ነበር እኮ!" ስትል፣ አንተ አጎንብሰህ የጫማህን ክር ታስር ነበር።

"የኔ ነው" አልኩ።

ክለቡ ዕድሜ ልክ አገደኝ። አርባ ዓመት የተኮስኩበት ሜዳ ነው።

እህቴ ጋ ኦጋላላ ሄጃለሁ። አትደውል።

ወጣት ሳለን ከፕላት ወንዝ በረዶ ስር ጎትተህ አውጥተኸኛል። ከዚያ ወዲህ ቁርስ ላይ ሳታነሳው የዋልክበት ቀን የለም። ከእንግዲህ አታንሳው። ዕዳዬን ትናንት ከፍያለሁ።

ኤልዶን