ከዋንጫዎቹ በታች ስለተቆለፉት አርባ መነጽሮች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ዓይንዎ እንዴት ነው? እኔ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ ከጣቶቼ ቆዳ በቀር የጎደለብኝ ስለሌለ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩብኝ ነው። ሰሌዳው ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ሲወጡ ሲገቡ ያዩታል ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይድረስዎ። ባለፈው ዓመት አርባ የዓይን መከላከያ መነጽሮች በእርዳታ ሲሰጡን እንዳይቧጨሩ አስበው በቢሮዎ የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከዋንጫዎቹ በታች፣ በአራት ረድፍ ደርድረው ቆለፉባቸው። የመጡት ተቆጣጣሪዎችም «ያልተጫረ፣ የተሟላ» ብለው ጽፈው ሙሉ ነጥብ ሰጡን። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አድርጎት የማያውቅ መነጽር በምን ይጫራል?

ይህን ካልኩ ዘንዳ፣ ጊዜዎን ሳልሻማ አቤቱታዬን በቁጥር ላስፍር።

፩. የዓይን ማጠቢያውን ቧንቧ በተመለከተ፦ በቢሮዎ ደጃፍ ያሉት አበቦች መጠማት እንደሌለባቸው ታምኖበት የቤተ ሙከራችን ውሃ ወደ እነርሱ ከዞረ ሦስት ወር ሞላው። አበቦቹ በእውነት አምረዋል፤ ዓይን አይግባባቸው። እኔም በየጠዋቱ በጀሪካን ውሃ ተሸክሜ ሁለት ፎቅ እወጣለሁ፤ ጉልበቴ ስላሰቡለት እንቅስቃሴ ያመሰግንዎታል።

፪. ያለፈውን ማክሰኞ በተመለከተ፦ ጠዋት የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ልለምን መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ፣ ቁልፉ በእርስዎ ኪስ፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ በትሕትና ነገረችኝ፤ የስብሰባው ርዕስ የተማሪዎች ደኅንነት መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ፣ አሲዱን ቀስ ብሎ ውሃው ላይ ማንጠብጠብ ሲገባው፣ ውሃውን አሲዱ ላይ ገለበጠው። መምህሩም እኔም ይህን እንዳያደርጉ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተናግረን ነበር፤ ልጅ ግን ልጅ ነው። አሲዱ ተፈናጥሮ አጠገቡ የቆመችው ተማሪ ቀኝ ዓይን ውስጥ ገባ። ጀሪካኔ በቀደመው ክፍለ ጊዜ አልቆ ነበር። ሰባት ጓደኞቿ የመጠጥ ውሃቸውን ከየቦርሳቸው አወጡ፤ እኔ የዓይኗን ቆብ ገልጬ ይዤ፣ እነርሱ ተራ በተራ አፈሰሱ። ሰባተኛው ጠርሙስ ሲያልቅ ስምንተኛ አልነበረም። ልጅቷን አዝዬ ደረጃውን ወረድኩና በአበቦችዎ ማጠጫ ጎማ አጠብኳት። ስለረገጥኳቸው ሁለት አበቦች ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫. ከዚያ ወዲህ ከቢሮዎ የደረሱንን ወረቀቶች በተመለከተ፦ ሰባቱ ተማሪዎች «መጠጥ ይዘው ቤተ ሙከራ በመግባታቸው» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ደንቡን በእጄ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ መከበሩ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። አደጋውን ላሳውቅ ብል ደግሞ ያለን ቅጽ የተሰበረ ዕቃ ማሳወቂያ ብቻ ሆነ። ስለዚህ በ«የዕቃው ስም» ትይዩ «ቀኝ ዓይን»፣ በ«ብዛት» ትይዩ «አንድ»፣ በ«የሚገኝበት ሁኔታ» ትይዩ «በፋሻ የተሸፈነ» ብዬ ሞላሁ። በነጋታው ቅጹ «የዕቃው መለያ ቁጥር ይጠቀስ» ተብሎበት ተመለሰልኝ። ፊርማው የእርስዎ ነው። ሳያነቡ እንደፈረሙት ማመን እፈልጋለሁ።

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ደክሞኛል። ትናንት ልጅቷን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ፣ ውሃው ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ዓይኑ ይጠፋ ነበር ብሏል። አሁን ብርሃን ታያለች፤ ፊደል ግን ይደበዝዝባታል፤ ይጥራ አይጥራ ገና አይታወቅም። እሷ የጨነቃት በእሷ ምክንያት ጓደኞቿ መቀጣታቸው ነው። እናቷ እስከ በር ሸኝታኝ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር መነጽር የላችሁም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለን አልኳት። ታዲያ የት ነበር ስትለኝ መሬት መሬት አየሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሰኞ ያንኑ ሙከራ የሚሠራው ሌላው ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ ከመምህሩና ከእኔ ጋር ልክ አርባ እንሆናለን። ቁም ሳጥኑ ሰኞ ጠዋት እንዲከፈትልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለአበቦችዎ ልምላሜን፣ ለዋንጫዎችዎ ጽዳትን፣ ለስብሰባዎችዎ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ በጀሪካን ምክንያት ቀና ማለት ባቃተው ወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣
የቤተ ሙከራው ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለአትክልተኛው፣ ጎማውን ሳይጠየቅ ስላቀበለኝ
ለሰባቱ ጥፋተኞች

ከፊርማ በኋላ ያስታወስኩት፦ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የቤተ ሙከራው በር ተቆልፏል፤ ቁልፉም በሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ነው። ከእርስዎ እንደተማርኩት፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ያልተጫረና የተሟላ ነው። የእርስዎን ቁልፍ ይዘው ሲመጡ እኔም የኔን አወጣለሁ። እባክዎ አይዘግዩ፤ የልጅቷ እናት ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ትመጣለች። መነጽሮቹ የት እንደነበሩ እርስዎ እንደሚያሳዩዋት ነግሬያታለሁ።