በዲጂታል ማዕከሉ ጣራ ላይ ስለ መገኘቴ

ለመንደሮች ዲጂታል ትስስር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የክረምቱ ጉንፋን እንዳልደፈረዎት፣ ስልክዎም ከወንበርዎ መነሳትና መንጠራራት ሳያስፈልግዎ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ እንደሚጮህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከባምባሲ ወደ ቶንጎ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ኮረብታችን ላይ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆንን ጊዜም ለማንም መንገር ስለማንችል ደህና እንደሆንን ተቆጥሮ ይታለፋል።

ስሜ የትናየት ታፈረ ይባላል። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ ግን የተወለድኩትም ያደግኩትም እዚሁ ስለሆነ "አገርሽ የት ነው?" ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህንኑ ኮረብታ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ጓደኞቼ ወደ ከተማ ሲሄዱ እኔ ወደ ላይ ተመልሼ፣ እስካለፈው ወር ድረስ የመንደራችን ዲጂታል ማዕከል አሠልጣኝ ነበርኩ። ጽሕፈት ቤትዎ "በሥራ ሰዓት በማዕከሉ ጣራ ላይ በመገኘትና በመንግሥት ንብረት ላይ የመጎድጎድ ጉዳት በማድረስ" ጥፋተኛ አድርጎ አሰናብቶኛል። ጣራው ላይ መገኘቴን አልክድም። ቆርቆሮው መጎድጎዱንም አልክድም። የስንብት ደብዳቤው ለምን እንደወጣሁ መጠየቁን ስለዘነጋው ግን፣ ሳልጠየቅ ላስረዳ ብዬ ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ቅሬታዬን እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ማንጎው። ማዕከሉ ከመሠራቱ በፊት በመንደራችን የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከጤና ኬላው ጀርባ በቆመው ትልቅ ማንጎ ጫፍ ላይ። ዛፍ መውጣት የሚችል ወጥቶ ይደውላል፤ የማይችል ስልኩን ወገቡ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ከትቶ በገመድ ያስወጣል፣ ከላይ ያለው ሰው ይደውልለትና ድምፁን ከፍቶ ከቅርንጫፍ ያንጠለጥልለታል፣ ባለጉዳዩም ከሥር ቆሞ እየጮኸ ያወራል። በዚህ አሠራር ምሥጢር የሚባል ነገር እንደማይኖር መቼም ይገባዎታል። ጎረቤታችን ዓዲላ፣ ወርቅ ፍለጋ ኩርሙክ የወረደው ባሏ "በሚመጣው ጁምዓ እመጣለሁ፣ ወላሂ!" ባላት ቁጥር፣ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ በአንድ አፍ "ውሸቱን ነው!" ይልላት ነበር፤ እሷም ወደ ቅርንጫፉ አንጋጣ "ሰማህ? ሰው ሁሉ አወቀህ!" ትለዋለች።

ዛፉ ሕግ ነበረው። የተራው ዳኛ አባ ዳበሳ የሚባሉ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ሕጋቸውን ትንሹም ትልቁም በቃሉ ያውቀው ነበር፦ ምጥና ሕመም ይቀድማል፣ መርዶ ይከተላል፣ ከዚያ የሰሊጥና የማሽላ ዋጋ፣ ፍቅር መጨረሻ። ፍቅረኞች ሲያጉረመርሙ "እውነተኛ ከሆነ እስኪመሽ አይበርድም" ይሏቸዋል። "ምጥ ነው!" የተባለ ዕለት ግን የሚያወራው ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ይወርዳል፤ በዚህ ያኮረፈ ሰው አላየሁም። ብዙ እናቶች ከዚያ ዛፍ ላይ በተጠራ አምቡላንስ ሄደው፣ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተመልሰዋል።

ባለሙያዎችዎ መጥተው ማዕከሉን ሠሩልን፤ እግዜር ይስጥልን። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ማንጎው በፀሐይ ሰሌዳዎቹ ላይ ጥላ እንደሚጥል ተደረሰበት። ከመሥራታቸው በፊት ጥላው የት እንደሚያርፍ ማየት ይቻል እንደነበር አሁን ማንሳቴ ጨዋነት አይሆንም። አባ ዳበሳ ከግንዱ ሥር ተቀምጠው አልነሳም ቢሉ፣ መጋዙን ያስያዙት ባለሙያ "አባቴ፣ ከእንግዲህ ዛፍ ላይ መንጠልጠል ቀረ፤ ኢንተርኔቱ ራሱ ቤትዎ ድረስ ይመጣል" አሏቸው። "እሺ ልጄ፣ ይምጣና ከዚያ እንቆርጠዋለን" አሉ አባ ዳበሳ። ባለሙያው ይህን የመሰለ ኋላ ቀር አስተሳሰብ እስከ ማግስቱ ድረስ ስለታገሡ አመሰግናቸዋለሁ። በማግስቱ ቆረጡት።

2. ስለ ምረቃው። ድንኳኑም፣ ሪባኑም፣ የታሸገው ውኃም ያማረ ነበር። በፒካፕ ተጭኖ የመጣው ነጭ ዲሽ ወደ ሰማይ ተደገነና ክቡርነትዎ ራስዎ ከአሶሳ በትልቁ ስክሪን ላይ ብቅ አሉ፤ እጅዎን አወዛወዙልን፣ እኛም አወዛወዝንልዎት። "ከዛሬ ጀምሮ ሩቅ የሚባል መንደር የለም" ሲሉ እናቴ እንባዋን ጠረገች፤ ይህን ያህል ማመን የሚችል ሰው ስላለን ሊኮሩብን ይገባል። ከዚያ ምሳ ተበላ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ዲሹም ከፒካፑ ሳይወርድ ከእንግዶቹ ጋር ተመለሰ። ዓዲላ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ ካየች በኋላ "ኔትወርክ በመኪና መጣ፣ በመኪና ሄደ" ብላ ቤቷ ገባች።

3. ስለ ሥልጠናው። ኮምፒውተሮቹ አዲስ ናቸው፤ ሴቶቹ የዳንቴል ልብስ ሠርተውላቸዋል። ኢንተርኔት ግን ስላልነበረ ኢንተርኔትን በጠመኔ አስተማርኩ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የመፈለጊያ ሳጥን እሥላለሁ፣ ተማሪዎቼ ማወቅ የሚፈልጉትን ይነግሩኛል፣ በሳጥኑ ውስጥ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ሁላችንም ሰሌዳውን ዝም ብለን እናያለን። "የዓዲላ ባል የት ነው?" የሚለው ጥያቄ መልሱን እየጠበቀ እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው አለ። በየወሩ "ግንኙነት የለም" ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ አባባሉ ተስፋ አስቆራጭ ነው ተብሎ "ግንኙነቱ በሂደት ላይ ነው" ወደሚል ታርሞ ተመለሰልኝ። ስለ ቋንቋ እርማቱ ከልብ አመሰግናለሁ።

4. ስለ ማስታወቂያው። ማንጎው ከተቆረጠ ወዲህ በመንደሩ ካለው ሁሉ ከፍ የሚለው የማዕከሉ ጣራ ነው። እዚያ ቆሞ ስልኩን ከራሱ በላይ ለያዘ ሰው ኔትወርክ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሰዉ ይህን ባወቀ በሳምንቱ ጣራው ላይ መውጣት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በበሩ ላይ ተለጠፈ። ከጥያቄዎቻችን ሁሉ ፈጥኖ ምላሽ ያገኘው ይህ ያልጠየቅነው ነው።

ከዚህ በታች ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም። ቁጥር ብሰጠው ከሪፖርትዎ ውስጥ ገብቶ ይጠፋብኛል ብዬ ነው።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታላቅ እህቴን የዝናን ምጥ ያዛት። ዝናብ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደሙን አይታ "ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ አሁኑኑ!" አለች። ሁላችንም ወጥተን ሮጥን። የሮጥነው ወደ ማንጎው ነበር። እግራችን ሌላ ቦታ አያውቅም። ከጉቶው ስንደርስ ቆምን። አባ ዳበሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው እዚያው ጉቶው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩን ብድግ አሉና እንደ ድሮው እጃቸውን ዘርግተው "ምጥ ነው! ልቀቁ!" ብለው ጮኹ። የሚለቅ ሰው አልነበረም። የሚለቀቅ ዛፍም አልነበረም። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ስለዚህ ጣራው ላይ ወጣሁ። ጥበቃው ሌንጂሳ በእኔ ምክንያት እንዳይጠየቅ እመሰክርለታለሁ፦ በዚያች ሰዓት አጥሩን ለመፈተሽ ፊቱን አዙሮ ነበር፤ መሰላሉም ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የተገኘው በራሱ ፈቃድ መሆን አለበት። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ በእንብርክኬ ሄጄ፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ፣ ደወልኩ። "አቤት፣ ከየት ነው?" አለችኝ አንዲት ሴት። ተናገርኩ፤ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። "እህቴ፣ አይሰማም፤ እስኪ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጪ" አለችኝ፤ ተቋረጠ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ የሚበልጠውን ከፍ ያለ ቦታ መጋዝ ይዛችሁ መጥታችሁ ቆርጣችሁታል።

ተነሥቼ ቆምኩ። መቆሙም አልበቃ ሲለኝ፣ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ የመንደሬን ስም እየጮኽኩ፣ ዘለልኩ። ደጋግሜ ዘለልኩ። የስንብት ደብዳቤዬ የሚናገረው ጉዳት በቆርቆሮው ላይ የደረሰው ያኔ ነው። ሴትዮዋ የመንደራችንን ስም ሰምታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አምቡላንስ አልመጣም።

የዝናን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ዋናው መንገድ ወረድን። ወንዶቹ በጭቃው ውስጥ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ እኔ ፊቷ ላይ ጃንጥላ ይዤ፣ ዓዲላ መኪና ለማስቆም ጫማዋን አውልቃ ወደፊት እየሮጠች። ሕፃኑ የተወለደው መንገዱ ጋ ሳንደርስ ነው። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ዓዲላ ያስቆመችው የጭነት መኪና እህቴን ሆስፒታል አደረሳት፤ ዛሬ ቤቷ ናት፣ ትንሽ ትንሽም ትበላለች። ስለ እሷ ሕይወት የማመሰግነው ሾፌሩን ነው፤ እርስዎን በዚህ ስላላካተትኩ ይቅር ይበሉኝ።

የስንብት ደብዳቤው የደረሰኝ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ የመንደሩ "የዲጂታል አጠቃቀም ባህል ዝቅተኛ" የሆነው በአሠልጣኟ ድክመት እንደሆነ ተገልጿል። ለአንዲት ጥሪ ሲል በዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚዘል ሰው የአጠቃቀም ባህል ከጎደለው፣ ከዚህ የሚበልጠውን ባህል እርስዎ በአካል መጥተው ቢያሳዩን ደስ ይለናል። መሰላሉን እንይዝልዎታለን።

ሥራዬን እንዲመልሱልኝ አልለምንዎትም። ሥራው የእኔ ነው፣ በሕግ እጠይቀዋለሁ። የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ገላኔ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ የመጀመሪያ ልጇን በመስቀል ሰሞን ትወልዳለች። ከዚያ በፊት በዚህ ኮረብታ ላይ ድምፃችንን የሚያወጣ አንድ ነገር ይቁምልን፤ ማማ ቢሆን ማማ፣ ዲሽ ቢሆን ዲሽ፣ ሁለቱም ከበጀት ዓመቱ ዕቅድ ውጪ ከሆኑ ረጅም ግንድ። ስለ ፈጣን ኢንተርኔቱና ስለ ዘመናዊው መንደር ሌላ ጊዜ፣ በሕይወት ያለን ሰዎች ተሰብስበን እንወያያለን። በቀደም ዕለት ገላኔ ሆዷን ይዛ "የትናየት፣ እኔስ መንገድ ላይ አልወልድም አይደል?" አለችኝ። "በሂደት ላይ ነው" ልላት አፌ አልታዘዘኝም።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ አንብበው የሚቆጡ ከሆነ፣ ቁጣዎ በምን በኩል እንደሚደርሰን ስለማላውቅ አስቀድሜ በአክብሮት ተቀብዬዋለሁ። ወንበርዎ ይደላዎት፣ ስክሪንዎ አይጥፋብዎት፣ ከቤትዎም ማንም በምጥ ቀን የኮረብታ ሰው አይሁን።

ጳጉሜን፣ ከኮረብታው
የትናየት ታፈረ
የማዕከሉ የቀድሞ አሠልጣኝ
ስም ያልወጣለት ሕፃን አክስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የስንብት ደብዳቤዬ "ቅሬታ የሚቀርበው በኢሜይል ብቻ ነው" ይላል። ትእዛዙን አክብሬ ቅሬታዬን በኢሜይል ልኬያለሁ፤ ከየት ሆኜ እንደላክሁት ለመገመት አይቸገሩም። ስልኩን ከፍ አድርጋ የያዘችልኝ ዓዲላ ስለነበረች፣ ይህኛው ጉድጓድ ከፊተኛው ሰፋ ይላል። መሰላሉን አላወረድነውም፤ ገላኔ እስክትገላገል አናወርደውም። ከሥሩ አባ ዳበሳ ተቀምጠው ተራ ያስከብራሉ። ክቡርነትዎ የጉዳቱን መጠን ለማየት ከመጡና ወደ አሶሳ መደወል ካማረዎት ወረፋ ይይዛሉ፤ ሕጉን አንዴ ነግሬዎታለሁ፦ ምጥ ይቀድማል።