ባዶ ቤት የበላው መብራት

ሜይ 28

የመብራት ቢል መጣ። 243 ዩኒት። ያለኝ አንድ አምፖል፣ አንድ ትንሽ ፍሪጅ፣ በሳምንት አንዴ ካውያ። ምን በላው? በዚህ በሙልታን ሙቀት ቬንትሌተር እንኳ አልከፍትም... ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ጉልዛር ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። የባሌ ታናሽ ወንድም። ምድር ቤት በሁለት ትልልቅ ፍሪዘር ኩልፊ፣ የወተት አይስክሬም፣ እያቀዘቀዘ በራፉ ላይ ይሸጣል።

"እትዬ፣ ብቻዎን ሆነው ይሄን ሁሉ? ለጂኖች ነው የሚያበሩት?"

ደንበኞቹ ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የላይኛውን ሁለት ክፍል ይፈርሙልኝና ከእኛ ጋር ይኑሩ። ከልጆቹ ጋር መኝታ አይጠፋም።"

ደረጃውን ወጣሁ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሁለት ወር አልከፈልኩም። ሦስተኛው ካለፈ ይቆርጡብኛል። ያኔስ? መፈረም ነው?

ሜይ 30

ልብስ ሰፊዋ ሩክሳር ቢሉን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"አንቺ ሴት፣ ጋዜጣ ስታነቢ ትውያለሽ፣ ቢልሽ ላይ ግን ድምሩን ብቻ አይተሽ ታለቅሻለሽ! እዚህ ጋ እዪ። ሁለት መቶ ዩኒት ካለፍሽ ዋጋው ይዘላል። ለስድስት ወር አይወርድም። ሰፈሩ ሁሉ ሁለት ቆጣሪ የሚያስገባው ለምን መሰለሽ? አንዱ ሊሞላ ሲል ወደ ሌላው ለማዞር ነው።"

"እኔ ምን የማዞረው አለኝ?"

"አንቺማ የለሽም። ነገ ሁሉንም ነቅለሽ የቆጣሪሽን ቀይ መብራት እዪ።"

ሜይ 31

ሁሉንም አጠፋሁ። ፍሪጁንም ነቀልኩ። ወረድኩ።

የቆጣሪዬ ቀይ መብራት ብልጭ... ብልጭ... ብልጭ። ለማን ነው የምትሮጠው?

ከእኔና ከጉልዛር ቆጣሪዎች ሥር ማዞሪያ አለ። እጀታው ወደ እኔ ቆጣሪ ዞሯል። ከሱ የወጣው ወፍራም ሽቦ ቀጥ ብሎ ወደ ጉልዛር ፍሪዘሮች ይገባል።

እጄን ሰደድኩ... መለስኩት። ሽቦ እፈራለሁ። እሱም ያውቃል።

ጁን 1

ባሌ ማንዙር የሞተው በሽቦ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በዚያ ጁላይ የመጣው ቢል ከአቅማችን በላይ ነበር፣ ቆረጡብን። "ያለ ቬንትሌተር አንድ ቀን አላድርም" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ከመንገዱ የመብራት መስመር ሊቀጥልልኝ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሰው ተሸክሞ አወረደው።

ጉልዛር ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ለቬንትሌተር ብላ ወንድሜን በላችው" አለ። አመንኩት። እስከ ዛሬ።

ጁን 2

የድሮ ቢሎቹን አወረድኩ። አንድም አልጣልኩም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ የተማርኩት ማንዙር ከሞተ በኋላ ነው፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ።

የዚያ ጁላይ ቢል ጎን ላይ ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት በየወሩ ተዘርዝሯል። ማርች፦ 211።

ማርች? ያን ወር እናቴ ታማ ባሃዋልፑር ነበርን። እኔም ማንዙርም። አርባ ቀን ቤቱ ተቆልፎ። ፍሪጅም አልነበረንም። ባዶ ቤት 211 ይበላል?

ስለዚህ ያኔም... ማንዙር ከመሞቱ በፊትም። መክፈል ያቃተን ያ ቢል...

ሦስቴ አነበብኩት። አላለቀስኩም። ራበኝ። ሁለት ቂጣ በላሁ።

ጁን 9

ለሩክሳርም አልነገርኩም። ዝምተኛ ሴት ማን ይጠረጥራል?

ጁን 15

ቆጣሪ አንባቢው በ24 ይመጣል። ደረጃ እየጠረግኩ የጉልዛርን ቆጣሪ አያለሁ። የዚህ ወር እስከ ዛሬ 161።

"አምስት ዓመት ሁለት መቶ አልፌ አላውቅም!" ይላል ለደንበኛ። "ቁጠባ ነው፣ ወንድሜ፣ ቁጠባ!"

ተናገር። ጮክ ብለህ ተናገር።

ጁን 19

177። ወንዶቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ወረድኩ። የማንዙርን የጎማ ጫማ አጠለቅኩ፣ ደረቅ የእንጨት ማማሰያ ያዝኩ። ገፋሁ። እጀታው እምቢ አለ። "ማንዙር" አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንደገና ገፋሁት።

ጧ!

ፍሪዘሮቹ ጸጥ አሉ... መልሰው ማጉረምረም ጀመሩ። የእኔ ቀይ ቆመች። የሱ ትሮጥ ጀመር።

ደስ ሲል! አላህ ያየኛል፣ ደስ ብሎኛል።

ጁን 24

አንባቢው ሁለቱንም ፎቶ አነሳ። የጉልዛር 229። በስኳርና በሎሚ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠሁት።

"ኧረ እናቴ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ሙቀት ነው ልጄ፣ ጠጣ።"

ማታ ሳይደርስ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከእኔ ቆጣሪ ወደ ፍሪዘሮቹ የሚሄደውን ሽቦ አስቆረጥኩ። ጉልዛር ቆሞ አየ። ምን ብሎ ይናገር?

ጁን 29

ቢሉን ይዞ ደረጃውን ወጣ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው።

"ስድስት ወር! ስድስት ወር ገደል ከተትሽኝ! ማዞሪያውን ነክተሻል!"

"የትኛውን ማዞሪያ?"

ቢሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ንገረኝ እንጂ፣ ጉልዛር። የትኛውን?"

የድሮውን ቢል ፊቱ ዘረጋሁ። "መነጽር አልያዝኩም" አለ። አነበብኩለት። ማርች፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። "ያን ወር የት ነበርን?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ትንሽ መስሎኝ ነበር..."

"ማንዙር ሲወጣስ? ለምን እንደሚወጣ ታውቅ ነበር?"

መሬት መሬት አየ። "እትዬ፣ እባክዎ ሰው ፊት እንዳይሉት። ልጄ ታጭታለች።"

"አንተ ለቅሶው ላይ ሰው ጠፍቶብህ ነበር?"

ጁን 30

የድሮውን ቢል ደንበኞቹ ከሚሰለፉበት ከቆጣሪው ሳጥን ላይ ለጠፍኩት። ማርችን በቀይ ከበብኳት። ሥሯ "ቤቱ ተቆልፎ ነበር" ብዬ ማንዙር የሞተበትን ቀን ጻፍኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም።

ሩክሳር ቆማ ለሰልፈኛው ጮክ ብላ አነበበችው። ማንም አልሳቀም።

ጁላይ 29

ቢሌ መጣ። 51 ዩኒት።

ያልከፈልኩትን ሁለት ወር ጉልዛር ከፍሎ ደረሰኙን በበሩ ሥር አሾልኳል። ስለ ክፍሎቹ ማንሳት ቀርቷል። ይቅር አላልኩትም። ሳጥኑ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀትም አላነሳሁም።

"አላድርም" የሚለውን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሱ የኔ ነው፣ ከኔ አይወርድም። የጉልዛርን ግን ለራሱ መለስኩለት።

ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ተጋድሜ ቬንትሌተሩን ከፈትኩት። መጀመሪያ ተንቋቋ። ከዚያ የዘጠኝ ዓመት አቧራ ፊቴ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ ወረደ። አልተነሳሁም።