ጉንፋን የማይገባበት ቤት

ኦክቶበር 7

መጽሐፍ መደብሩ ውስጥ ካርቶን ስንፈታ ዋልን። «ዛሬም ታጥቧል» የሚባለው ማንጋ፣ ያው የሥዕል ልብወለድ፣ ሃያ ሦስተኛ ቅጽ ገባ። ሃያ ሦስት! ስለ አንድ ላውንደሪ ቤት። ልብስ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል። በመሃል አያትየው ይቀልዳሉ፣ ሁሉም ይስቃል፣ ድመቷ ቅርጫት ውስጥ ትተኛለች። አለቀ። ይህን ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ይገዛዋል...

አብረውኝ የሚሠሩት ሴትዮ ኦባታ ሳን ካርቶኑን ቀድመውኝ ከፈቱ። በደስታ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው እኮ። መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፦

«ሳዮዬ፣ ድመቷ ኮፍያ አድርጋለች!»

አየሁ። አድርጋለች። እና ምን ይጠበስ?

ኦክቶበር 9

ኦባታ ሳን ደረጃው ላይ ተንሸራተው ቀኝ እጃቸውን አሳሰሩ። ክፉ ስብራት አይደለም፤ መጻፍ ግን አይችሉም። የማንጋው ፎቅ ካርዶች በሙሉ እኔ ላይ ወደቁ። ሥራ አስኪያጁ ጹኩዳ ባዶ ካርዶችና ባለ ቀለም እስክሪብቶ ታቅፎ መጣ።

«መደርደሪያው ላይ የምንሰካውን አንቺ ጻፊልኝ። ሰው አንብቦ እንዲገዛ።»

«እኔ ይህን ዓይነት ማንጋ አልወድም።»

«ማን ውደጂ አለሽ? ‹ልብ ያሞቃል› በይና ጨርሺ።»

ልብ ያሞቃል። እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ኦባታ ሳን በየካርዱ የሚጽፉት ይህንኑ ነው፤ ዳርና ዳሩን በቀይ ልብ አጥረው። ምድጃ ነው እንዴ የምንሸጠው?

ሳላነብ ግን አልጽፍም። ስድብም ቢሆን ንባብ ይፈልጋል። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ተሸክሜ ገባሁ። ዝናቡ ከረጢቴን አበሰበሰው። ይህች ማጹዌ የምትባል ከተማ መቼ ነው የምታባራው?

ኦክቶበር 15

እንዳልዋሽ... የመጀመሪያዎቹ ክፉ አይደሉም። ምራቲቱ የደንበኛ ኪሞኖ ታቃጥላለች፤ ባልና ሚስት ሳምንት ሙሉ ይኮራረፋሉ። አያትየው ያስላሉ። ሳላቸው እንዳይሰማ ማሽኑን አስነስተው ነው የሚስሉት። ሰው አለበት።

ለኦባታ ሳን አልነገርኳቸውም። ደስ እንዳይላቸው።

ኦክቶበር 19

ሃያ ሦስቱንም ጨረስኩ። ከዘጠነኛው ወዲያ ግን ምን ነካው? ሳሉ ጠፋ። አያትየው ፍል ውሃ ሄደው ሲመለሱ እንደ አዲስ ሆነው መጡ። ማንም አያኮርፍም። ማንም አይታመም። የምራቲቱ ልጅ አንደኛ ክፍል ከገባች ስንት ክረምት አለፈ፤ አሁንም የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነው። ስንት ጥርስ ነው ያላት? አዞ ናት?

ካርዱን ጻፍኩት፦

«በዚህ ቤት ጉንፋን የሚይዘው ሰው የለም። ከዘጠነኛው ቅጽ ወዲህ የሚኖርም የለም፤ ልብሱ ብቻ ይታጠባል። ድመቷ ግን ደህና ተስላለች።»

ሰካሁት። ልብ አልሳልኩበትም።

ኦክቶበር 21

ጹኩዳ አነበበው። «ገደልሽኝ» አለ። ላወርደው እጄን ስዘረጋ ሁለት ተማሪዎች ፎቶ እያነሱት ነበር። ሲስቁ ቆዩና አንድ አንድ ቅጽ ገዝተው ሄዱ። ዘጠነኛውን።

«ይቆይ» አለ ጹኩዳ። አቋም የሚባል ነገር የለውም።

ኦክቶበር 28

ሃያ ሦስቱም ቅጽ አለቀ። ፎቶው አገር ለአገር ዞሯል። ከኦካያማ ድረስ ካርድ ለማየት የመጣ ሰው አለ። ካርድ! ሥራ የላቸውም?

ሌሎችም እንድጽፍ ታዘዝኩ። አራት ሴት ልጆች ኬክ ስለሚበሉበት፦ «ራበኝ እንጂ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።» አንድ የቢሮ ሠራተኛ ብቻውን ሾርባ ስለሚጠጣበት፦ «ሾርባው ከሰውዬው የተሻለ ጠባይ አለው።» ሁሉም ተሸጠ። ሰው ሲሰደብ ነው እንዴ የሚገዛው?

ኦባታ ሳን የላውንደሪውን ካርድ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ቦታው መልሰው ሰኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ሳዮዬ ማለታቸው ቀርቷል። «ኢዋኪሪ ሳን» ሆኛለሁ፤ በአባቴ ስም፣ እንደ እንግዳ።

ኖቬምበር 5

ከአሳታሚው ድርጅት የሽያጭ ሰው መጣ። ከረባቱን እያስተካከለ፣ «የ‹ዛሬም ታጥቧል› ደራሲ መምህር ኮማሜ ካርዱን አይተውታል። ቅር ሳይላቸው አልቀረም» አለ። ቅር ይበላት! እኔ ኮማሜን የማስባት ቡናማ ሹራብ ለብሳ ድመት የምታሻሽ አሮጊት አድርጌ ነው። እሷ ቅር ሲላት ምን ታደርጋለች? ብስኩት ትጋግራለች።

ጹኩዳ ጓዳ ጠራኝ። ኮንትራቴ ማርች ላይ እንደሚታደስ አስታወሰኝ። ማስታወስ ብቻ ነው ያደረገው፣ በፈገግታ።

ካርዱን አወረድኩት። ፈሪ ነኝ ለካ።

ኖቬምበር 12

መጻፍ አለብኝ። እንዳለ።

ከምሳ በኋላ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰውዬ የላውንደሪው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ቀረ። ሃምሳውን የደፈነ ይመስላል። ካፖርቱ በዝናብ ርሷል። የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው ስል...

«እዚህ ጋ ካርድ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለኝ።

«ወርዷል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ተቀይመው ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ታች ነው።»

«ዘጠነኛው ላይ መሆኑን በምን አወቁ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ከዚያ በኋላ ነው «ኮማሜ እኔ ነኝ» ያለው። እውነተኛ ስሙ ሂራካታ ነው፤ ኮማሜ የብዕር ስሙ። ከዮናጎ በባቡር ነው የመጣው። አሮጊትዋ፣ ሹራቡ፣ ብስኩቱ... ሁሉም ገደል ገባ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። እርጥብ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ አስቀመጠ።

«ዘጠነኛው ላይ አያትየው ሞተው ነበር» አለኝ። «ስዬ ጨርሼ ሰጠሁ። አዘጋጁ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹መምህር፣ እንዲህ ያለውን ማንም አይገዛም። ያስነሷቸው።› አስነሳኋቸው። ፍል ውሃ ሄደው መጡ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው ሬሳ እያሳቅሁ አለሁ።»

ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅኩም። እንዴት አድርጎ ስሎት እንደነበር ጠየቅሁት። አያትየው ከመሞታቸው በፊት የገዛ ሸሚዛቸውን ያጥባሉ አለ። ከደንበኞቹ ልብስ ጋር ተሰቅሎ ይቀራል። ሌላው ልብስ ሁሉ ይወሰዳል።

ከታተመው ይሻላል አልኩ በልቤ። ለእሱ አልነገርኩትም።

«ታዲያ አሁን ይሙቱዋ» አልኩት። እንዲሁ፣ ሳላስብ። ዋጋ እንደሚናገር ሰው።

ካፖርቱን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። ከዚያ ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝና ወረደ። ጃንጥላውን ረስቶት ሄደ።

ኖቬምበር 13

ኦባታ ሳን ደረጃው አጠገብ ሲደረድሩ ሁሉንም ሰምተዋል። ጠዋት ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ያዙኝ።

«ይሙቱ አልሺው?»

«እሱ ራሱ ፈልጎ ነው። ደክሞታል። ደግሞም መልካም ማንጋ...»

«መልካሙን ተይው! ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በሩን ስከፍት ሞት እዚያው ተቀምጦ ነው የሚጠብቀኝ። ደግሞ ገዝቼ ላስገባው?»

ኦባታ ሳን ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ።

«ሃያ ሦስቱንም አንብበሻል። እኔ ለምን እንደማነበው ግን አንድ ቀን ጠይቀሺኝ አታውቂም።»

እውነት ነው። ጠይቄ አላውቅም። ሞኝነት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ኮቴን አወለቅሁ።

ዲሴምበር 2

ኦባታ ሳን ምሳቸውን የሚበሉት መጋዘን ውስጥ ነው፣ ካርቶን ላይ ተቀምጠው። እኔ የምሳ ክፍሉን ብቻዬን ይዣለሁ። ሰፊ ነው... ምንም አይረባም።

ጃንዋሪ 9

የላውንደሪው ማንጋ አዲስ ምዕራፍ በመጽሔት ወጣ። አያትየው ሞቱ።

ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። «ያቺ ካርዱን የጻፈችው አለች?» ጹኩዳ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ተደበቀ። አንዷ እያለቀሰች፣ «አያቴን ገደልሽብኝ!» አለችኝ። በቀለም የተሳለ ሽማግሌ ነው እኮ! ሰፈራችሁ ውስጥ የሚያስል እውነተኛ ሽማግሌ የለም? ሄዳችሁ ሾርባ ስጡት!

ብዬ ልጮህባት ነበር። «ይቅርታ» ብዬ ዘጋሁት።

ምዕራፉን ሁለቴ አነበብኩት። ልተቸው ፈለግሁ። ቀብሩ ተንዛዝቷል። ጎረቤቶቹ ብዙ ያወራሉ። ሸሚዙ ያለበት ገጽ ላይ ግን አንድ ቃል የለም። ተሰቅሏል፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ምን ይባላል? ነቀፋ አላገኘሁለትም።

ፌብሩዋሪ 18

ሃያ አራተኛው ቅጽ ገባ። ኦባታ ሳን እጃቸው ድኗል። ካርቶኑን ግን አልነኩም፤ እኔ ፈታሁት። መጨረሻ ላይ መጥተው አንድ ቅጂ አነሱ፣ ከፈሉ፣ ከነላስቲኩ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሊያነቡት ነው?» አልኳቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያናገርኳቸው።

«መክፈል አለብኝ። እስከ ዛሬ ሲያስቀኝ ኖሯል» አሉ። «ማንበቡን ግን ማንም አያስገድደኝም።»

ፌብሩዋሪ 20

መጽሐፉ አሁንም ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ላስቲኩ አልተቀደደም። በየቀኑ ይዘውት ይመጣሉ፣ ይዘውት ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ጅልነት አይቼ አላውቅም። የማን ጅልነት ነው ግን?

መጋዘን ገባሁ።

«ያምጡት እስቲ» አልኳቸው።

ሰጡኝ። ላስቲኩን ቀደድኩ። ሞቱ ያለባቸውን ገጾች አንድ ላይ ይዤ በወረቀት ክሊፕ አሰርኳቸው፣ ወረቀቱ እንዳይጎዳ ቀስ አድርጌ።

«እዚህ ጋ ሲደርሱ ይዝለሉት። ከፊቱ ያስቃል። ከኋላውም ትንሽ ያስቃል።»

«ድመቷስ?»

«አለች። ወፍራለች።»

መጽሐፉን ተቀበሉኝ። አመሰግናለሁ አላሉም። ካርቶኑ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። የሩዝ ድብልብሌን እዚያው በላሁ።

ፌብሩዋሪ 26

ዛሬ ምሳ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ክሊፑ ጋ ደረሱ። ቆም አሉ። ነካኩት። እኔ የማላይ መስዬ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ያለው ዓሣ ላይ አተኮርኩ።

አወለቁት።

ቀስ ብለው አነበቡ። አንዱን ገጽ ሲገልጡ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ገለጡ። አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሳዮዬ።»

«አቤት።»

«ይህ ሠዓሊ እስከ ዛሬ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም?»

«እንዴት?»

«ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሸሚዙን ይዛ፣ እንዲህ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች? ወገብ የት አለና! ደግሞ ይቺን እጅ እያት። አራት ጣት!»

«አምስተኛው ከሸሚዙ ጀርባ ነው።»

«የታለ?»

«አይታይማ! ጨብጣዋለች እኮ። የጨበጠ እጅ ጣቱ ሁሉ ይታያል እንዴ?»

«እኔ ስንት ሸሚዝ ጨብጫለሁ። አውራ ጣት ይታያል።»

«ከጎን ነው የተሳለው! የእርስዎን እስቲ ያምጡት...»

እጃቸውን ይዤ የራሴን ሹራብ እጅጌ አስጨበጥኳቸው። አየን። አውራ ጣታቸው ይታያል። ቢሆንም አልተቀበልኩም፤ ብርሃኑ ከዚያ በኩል ነው፣ ጥላ ነው የሸፈነው አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጹኩዳ በሩን ከፈተ።

«ምን ሆናችኋል? ደንበኛ ቆሟል!»

«ይቺ ልጅ ለማንጋ ጥብቅና ቆማለች» አሉት ኦባታ ሳን።

ጹኩዳ እኔን አየኝ። እኔ የእሳቸውን እጅ እንደያዝኩ ነኝ። ፊቴ ጋለ። ግን ጥላ ነው። ጥላ ነው የሸፈነው!

ከሰዓት በኋላ ኦባታ ሳን በዳነ እጃቸው ካርድ ጻፉ። ፊደላቸው ትንሽ ይንጋደዳል፦

«በዚህ ቅጽ አያትየው ይሞታሉ። ሠዓሊው ጣት መሳል አይችልም። አልቅሼ አንብቤዋለሁ። ግዙት።»

«አርሚልኝ» ብለው ሰጡኝ።

አንድ ቃል አልነካሁም። ወስጄ ሰካሁት፣ ሁሉም ሰው ሊያየው የሚችልበት ቦታ።