የ«አሮጌው ብዕር» መጽሔት አዘጋጅ የአቶ ፍስሐ ይርጉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍስሐ ይርጉ ከአባታቸው ከአቶ ይርጉ ደምሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ወልደሰማያት በ1942 ዓ.ም. በሰላሌ አውራጃ በፍቼ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ አዲስ አበባ አጎታቸው ቤት ተቀምጠው ካጠናቀቁ በኋላ በአንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ። ሥራው የእርሳስ ፊደሎችን ከየሣጥኑ እየለቀሙ መደርደር ነው። እጅ ያጠቁራል፤ እሳቸው ግን የቀለሙን ሽታ ከመውደዳቸው የተነሣ ምሳቸውን እንኳ እዚያው ይበሉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ለኅትመት ሙያ ትምህርት ወደ ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን ተላኩ። አከራያቸው ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ነበሩ፤ የሚጽፉትም በልጅነታቸው በተማሩት፣ የአገሩ ወጣት እንኳ ማንበብ በተወው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ብቻ ነበር። ሲወጡ እራቱ የት እንዳለ በወረቀት ጽፈው ይተዋሉ። አቶ ፍስሐም ወረቀቱን እያገላበጡ፣ ሾርባው የት እንደተቀመጠ ሳያውቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደረቅ ዳቦ ገፉ። «ከዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ይልቅ ያስተማረኝ ረኃብ ነው» ይሉ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ የሾርባውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሴትዮዋን እናት የድሮ ደብዳቤዎች ጭምር ጮክ ብለው የሚያነቡላቸው እሳቸው ሆኑ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በሙያቸው ሲያገለግሉ ከወይዘሮ ማንአልሞሽ ክፍሌ ጋር ተዋወቁና በ1978 ዓ.ም. ጋብቻ መሠረቱ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ኢዮሲያስን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ ሲያትል መጡ፤ ልጃቸው ቢታንያ እዚሁ ተወለደች። አቶ ፍስሐ መጀመሪያ በአውሮፕላን ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ፣ ቀጥሎም በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ሠርተዋል። ከሲያትል አጠገብ ቡሪየን ከተማ ያለውን ቤታቸውን የገዙትም በዚሁ ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ወይዘሮ ኤርና ብሩክማን የተባሉ ጡረተኛ አስተማሪ መጽሔት ሊያሳትሙ ወደዚያ ማተሚያ ቤት መጡ። መጽሔቱ «አሮጌው ብዕር» ይባላል። በዓመት አራት ጊዜ በጀርመንኛ እየወጣ ስለ ጀርመን የድሮ ፊደሎችና እየተረሱ ስላሉ ቃላት የሚጽፍ ሲሆን፣ አንባቢዎቹ በየከተማው ተበታትነው የሚኖሩ የጀርመን ተወላጅ አዛውንቶች ነበሩ። የመጨረሻው ገጽ ዘወትር እንቆቅልሽ ነው፤ አንድ የጥንት ጽሑፍ ይታተማል፣ ቀድሞ ያነበበው የአንድ ዓመት መጽሔት በነፃ ይሸለማል። ወይዘሮ ኤርና ሥራቸው የደረሰ እንደሆነ ሊያዩ ሲገቡ፣ አቶ ፍስሐ ማሽኑ አጠገብ ቆመው በአንዱ ገጽ ላይ ባለ ቀልድ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። ጓደኝነታቸው ከዚያ ሳቅ ጀመረ።

ወረቀቱን አጥፈው የሚሰፉት የወይዘሮ ኤርና ጓደኞች በዕድሜ እየደከሙ ሲሄዱ ሥራው ወደ አቶ ፍስሐ ጋራዥ ተዛወረ። የጽዋ ማኅበራቸው አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው አንዲት መስመር የማያነቡትን መጽሔት ያጥፉ ጀመር። ከአባላቱ አንዱ አቶ ኡርጌሳ ከኤቨረት ከተማ ሥራቸው በቀጥታ እየመጡ፣ «ጋሼ፣ የምናጥፈው ስድብ ቢሆንስ በምን እናውቃለን?» ሲሏቸው፣ «ስድብ ቢሆን ለብቻዬ አልስቅም ነበር፣ እነግራችሁ ነበር» ይሏቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወይዘሮ ኤርና ዓይን ደከመ። አቶ ፍስሐ መጽሔቱን ልረከብ ብለው ቢጠይቁም የመጽሔቱን ሥራ ከሚመሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ አመነቱ፤ በቋንቋው ያልተወለደ ሰው ይህን ሸክም እስከ መቼ ይሸከመዋል አሉ። አቶ ፍስሐ አልተቀየሟቸውም። «ጥያቄያቸው ጥያቄ ነው፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር» አሉ። ሆኖም የታኅሣሡ እትም የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል ሲያስቡ ምግብ አልበላ ይላቸው እንደነበር ባለቤታቸው ያስታውሳሉ።

በዚያው ሰሞን የማኅበሩን የታኅሣሥ ገብርኤል ጽዋ መጥሪያ በመጽሔቱ ወረቀት ላይ በአማርኛ አትመው ጋራዡ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። የማኅበሩ አባል ወይዘሮ ውብአየሁ ጨዋታ ላይ ሆነው ሲያጥፉ መጥሪያው አንዱ የመጽሔቱ ክፍል መስሏቸው በየቅጂው መጨረሻ ከተቱት። መጽሔቱ ተላከ። «አሳፈርኩዎት ጋሼ» ብለው ሲያለቅሱ አቶ ፍስሐ፣ «ተይ ውቤ፣ ቢበዛ አያነቡትም» ብለው አጽናኗቸው።

አንባቢዎቹ ግን የወቅቱ እንቆቅልሽ ነው ብለው ተነሡበት። ከፊሎቹ በአጉሊ መነጽር አጎንብሰው ከረሙ፤ ከፊሎቹ ወደ አንድ የአበሻ ሱቅ ይዘውት ሄዱ። ባለ ሱቁ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አስልቶ ሰጣቸው፤ ሰዓቱን ግን እንዳለ ስድስት ብሎ አነበበላቸው። በጽዋው ዕለት ከንጋቱ በፈረንጅ ስድስት ሰዓት የሽማግሌዎች መኪና ከቡሪየኑ ቤት ፊት ለፊት ተደረደረ። ወይዘሮ ማንአልሞሽ በሌሊት ልብሳቸው በሩን ሲከፍቱ ከኤቨረት የመጡ አንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ጡረተኛ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «መልሱ ልክ ነው?» አሏቸው። እሳቸውም፣ «ልክ ነው፤ ምግቡ ግን ገና ነው፣ ግቡ» አሉ።

እንግዶቹ ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ ረፈደ። አንዱ ይዘውት የመጡት ቋሊማ በጾሙ ምክንያት ፍሪጅ ገብቶ ለገና ቆየ። ለዓመታት በስም ብቻ ይተዋወቁ የነበሩት አንባቢዎች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ሲያወሩ ወይዘሮ ኤርና ድምፃቸውን እየሰሙ ማን ማን እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ያመነቱት ሁለቱ ሽማግሌዎችም እዚያው ነበሩ። ከምሳ በኋላ ወደ አቶ ፍስሐ ጠጋ ብለው፣ መጽሔቱ በኖረበት ዘመን ሁሉ ሰዎቹን አንድ ላይ አስቀምጦ እንደማያውቅ ነገሯቸውና አስረከቧቸው። ሽልማቱን በተመለከተ አቶ ፍስሐ መልሱ የሁላችሁም ነው ብለው ለመጡት በሙሉ የዓመቱን መጽሔት በነፃ ሰጡ፤ ባለቤታቸው ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ፍስሐ «አሮጌው ብዕር»ን አንድም እትም ሳያስታጉሉ አዘጋጁ። ጋራዡ ውስጥ ጀርመኖቹና የማኅበሩ አባላት አብረው ያጥፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኩላሊት ሕመም ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ቢታንያ ከሬድመንድ ሥራዋ ስትወጣ ሆስፒታል እየሄደች፣ አንባቢዎቹ በድሮ ጽሕፈት የላኩትን ደብዳቤ ታነብላቸው ነበር። መጀመሪያ አንድ ቃል ለማንበብ እሳቸው ሦስቴ ያርሟታል፤ በኋላ እሷ ስታነብ እሳቸው ዝም ብለው ይሰማሉ። ልጆቻቸው ላይ ሸክም እንዳይሆን ፈርተው መጽሔቱን እንድትይዝ አንድ ቀንም አልጠየቋትም። ዘንድሮ መስከረም ላይ ራሷ፣ «ባባ፣ የሚቀጥለውን እኔ ላድርገው፣ ኦኬ?» አለቻቸው። አቶ ፍስሐም፣ «እንቆቅልሹን አታቅልይባቸው» አሏት።

አቶ ፍስሐ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2018 በተወለዱ በ69 ዓመታቸው በቤተሰባቸው ተከበው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማንአልሞሽን፣ ልጆቻቸውን ኢዮሲያስንና ቢታንያን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመካከላችን የተቀመጡትን አንባቢዎቻቸውን ትተዋል። በቢታንያ ፍስሐ የተዘጋጀው የታኅሣሡ እትም ለማተሚያ ተሰጥቷል፤ ከሰልስቱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቡሪየን ጋራዡ ውስጥ ስለሚታጠፍ መምጣት የምትችሉ ሁሉ ትጠበቃላችሁ።

በደስታ ያኖራቸው እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለቀሩትም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።