የእንግዳ ክፍሉ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ትቆሚያለሽ? እኔ እንዳለሁ ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ሸሽቶኛል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ስልኩን ዘጋሁት። «ምነው፣ ደግሞ የአየር ትንበያ ሆንሽ?» ብለሽ ስትስቂብኝ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አፌ እንቢ ስላለኝ በእጄ ልሞክር። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሾፌር ነገ ጠዋት ይነሳል። እባክሽ ቆመሽ አታንብቢው፤ ተቀመጪ።

«የእንግዳ ክፍልሽ ባዶውን ከሚቀመጥ እኔ ልግባበት» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ለአከራይሽም ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እለቃለሁ ብለሽ ነግረሻቸዋል። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እታለም፣ የእንግዳ ክፍል የለኝም። ሳሎንም የለኝም። ያለኝ አንድ ክፍል ነው፤ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ወርዱ አራት።

«ታዲያ ብሎግሽ ላይ የማያቸው ክፍሎች የማን ናቸው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ሁሉም የእኔ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ጥግ ናቸው። ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ጥግ አረንጓዴ ስቀባት መኝታ ቤት ትሆናለች፤ ቢጫ ስቀባት ሳሎን። ወንበሩን አውጥቼ መጻሕፍት ስደረድርባት ማንበቢያ ክፍል ብዬ እጽፋለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ቀብቻታለሁ። ግድግዳው ከቀለም ብዛት ወፍሯል ብልሽ አትሳቂ።

ይህን የተማርኩት በማተሚያ ቤቱ ጥራዝ ክፍል ስሠራ ነው። ያን የቤት ማስዋቢያ መጽሔት እያጠፍን በሽቦ እንሰፋ ነበር፤ ማሽኑ ቆርጦ የሚጥለውን ቁራጭ እኔ በከረጢት ወደ ቤት እወስዳለሁ። ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ነው፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ግማሽ ወንበር። የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ። አንድ ቀን ፎቶ አንሺው የሕትመቱን ቀለም ሊያይ ሲመጣ፣ እሱ ያነሳው ሳሎን እንዴት እንዳማረ ብነግረው ሳቀብኝ። «እኛ ቤት አናነሳም፣ እህቴ፤ ጥግ ነው የምናነሳው። ያን ዕለት ከጀርባዬ ያልታጠበ ልብስ ተከምሮ ጣሪያ ሊነካ ነበር» አለኝ። አንቺ ግን መጽሔቱን ታምኚው ነበር። የላክሁልሽን ቅጂ አናጺው ፊት ዘርግተሽ «ልክ እንደዚህ» ትዪው አልነበር?

መጽሔቱ ሲዘጋ ሁላችንም ተበተንን። መቁረጫ ማሽኑ ላይ የነበረችው ጓደኛዬ፣ «መቀስ» የምንላት፣ ስልኬን ነጥቃ ብሎጉን ከፈተችልኝ። «መጽሔት ሞተ ብለሽ አታልቅሺ፤ ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ። ደግሞ እዚህ አዘጋጅ የለ፣ አራሚ የለ፤ ማን ይቆጣሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የተቆጣኝ የለም። የጎዳኝም እሱ ነው። አንባቢዎቼ «ስንት ክፍል ነው ያለሽ?» ሲሉኝ የአበባ ምልክት እየላክሁ አልፋለሁ። አበባ ውሸት አይባልም ብዬ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። እናታችን ባረፈች ዓመት ካንቺ ጋር ልኑር ብዬ ስለምንሽ፣ «ቤቱ ይጠብበናል፣ ሚጣዬ» አልሽኝ። ቂም አልያዝኩም። ስወጣ ግን የቤትሽን ክፍሎች ቆጠርኳቸው። ጥጓን ነጭ ቀብቼ «የእንግዳ ክፍል» ብዬ የጻፍኩ ዕለት፣ ከዚያ ሁሉ አስተያየት መሃል የምፈልገው ያንቺን ስም ነበር። ጻፍሽም፤ «እንዴት ሰፊ ነው!» አልሽ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አመመኝ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። መቅረት ከፈለግሽ እስከ ዓርብ ለአከራይሽ ንገሪያቸው። ሌላ ተከራይ ሳያገኙ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብትያቸው እሺ ይላሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። በእኔ አሳብቢ፤ እህቴ ዋሽታኝ ነው በያቸው። ተቀየሚኝም፤ ብቻ በእኔ ጦስ ቤት አልባ እንዳትሆኚ። ዓርብ እስኪያልፍ ስልኬን ከእጄ አላወርድም።

ይህን ሁሉ አንብበሽም መምጣት ካማረሽ፣ ትናንት ሁለተኛ አልጋ አስገብቻለሁ። ከዚያች ጥግ በቀር የሚቆምበት ስላልነበረ እዚያው ገባ፤ ቀለሙ እንኳ በደንብ አልደረቀም ነበር። አንባቢዎቼ ቀጣዩ ክፍል መቼ ነው እያሉ ይጠይቁኛል፤ አበባም አልላክሁላቸውም። ቁም ሣጥንሽን አታምጪው፤ በበሩ አያልፍም። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ያለውን በሜትር ለክቼዋለሁ፤ አንዷ ቆማ ልብሷን መቀየር ትችላለች፣ ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረችላት።

እኔ እዞራለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ የትም ብታድሪ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው።

ተቆጥተሽም ቢሆን ያንቺው፣
ታናሽ እህትሽ